ሩስያዊው ተፋላሚ ፊዮዶር ኢሜልያኔንኮ ይህን ያህል ምኑ ያስደንቃል? ለካቢብ ዘመን ልጅ አስረዱኝ

ናቲ_ጀሞ፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ የምር ነው፤ እንዳትሰድቡኝ።

እኔ ኤምኤምኤ (ቅይጥ ማርሻል አርት) ማየት የጀመርኩት በካቢብና በማክግሪገር ሰሞን ነው። ጂም የሚያሠራን ሰውዬ ግን የከባድ ሚዛን ወሬ በተነሣ ቁጥር «ከፊዮዶር በኋላ ሰው አልተፈጠረም» ይላል። እሺ ብዬ ገብቼ ፈለግሁ። 40 ድል፣ 7 ሽንፈት፣ አንድ ውጤት አልባ። ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ የወጣልኝ ቪዲዮ ራያን ቤደር በ35 ሰከንድ ሲዘርረው ነው። ቀጥሎ የወጣው ማት ሚትሪዮን ሲዘርረው። ከዚያ ደግሞ በ2010 እና በ2011 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል። ትልቁ የአሜሪካ ውድድር ዩኤፍሲ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ቁመናውን ሳየው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሰፈራችንን ባለ ሥጋ ቤት ነው የሚመስለው።

ምንድነው ያመለጠኝ? ሳምቦ የሚሉት ነገርስ ምንድነው? ለእኔ ጁዶ በቁምጣ ነው የሚመስለኝ። ካቢብም ከሳምቦ ነው የመጣው ይባላል፣ ፊዮዶርም፤ ሁለቱ ግን አንድ ስፖርት የተማሩ አይመስሉም። የምታውቁ አስረዱኝ። የትኞቹን ፍልሚያዎች ልይ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ጆ፦

ምንም አላመለጠህም። ፕራይድ የሚባለው የጃፓን ውድድር ግማሹ ሰርከስ ነበር። ሰውዬው የገጠማቸውን እስቲ ዝርዝር፦ ዙሉዚኞ፣ ሥራው ውፍረቱ ብቻ የሆነ ሰው። ሆንግ ማን ቾይ፣ ሁለት ሜትር ከ18 የሆነ ኮሪያዊ ግዙፍ። ዩጂ ናጋታ፣ የቲያትር ሬስሊንግ ተዋናይ። እነዚህን በአዲስ ዓመት ዋዜማ እያመጡለት ይጥላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ኬጅ (በሽቦ የታጠረው መድረክ) ውስጥ ከገባ በኋላ የሆነውን ደግሞ አንተው አይተኸዋል። ስቲፔ ሚዮቺች ዩኤፍሲ ውስጥ ቀበቶውን በተከታታይ ሦስት ጊዜ አስጠብቋል። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ቀይ_ኩርትካ፦

ናቲ፣ የቤደሩን ቪዲዮ ለጊዜው ዝጋው። ያን ቀን ፊዮዶር 42 ዓመቱ ነበር። አንድ ጊዜ በቃኝ ብሎ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ቁጭ ብሎ የተመለሰ ሰው ነው። ሰው የሚከራከርበት ፊዮዶር ከ2000 እስከ 2010 ያለው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር)። በታኅሣሥ 2000 ጃፓን ውስጥ ከጹዮሺ ኮሳካ ጋር ገጥሞ ክርን ፊቱን ሰነጠቀውና በ17ኛው ሰከንድ ፍልሚያው ቆመ። የጥሎ ማለፍ ውድድር ስለነበር አንዱ ማለፍ ነበረበት፤ ኮሳካ አለፈ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ 2010 ድረስ የረታው ሰው የለም። ኮሳካንም በ2005 አግኝቶት ፊቱን እንዳይሆን ካደረገው በኋላ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ሐኪሙ አስቆመው።

ወገንተኛ መሆኔን ልናገርና ልቀጥል። እኔ የተማርኩት ቤልጎሮድ ነው፣ ልክ ሰውዬው ጃፓን ላይ በነገሠበት ጊዜ። እሱ ያደገባት ስታሪ ኦስኮል በዚያው ክፍለ አገር ያለች የብረት ማዕድንና የብረታ ብረት ፋብሪካ ከተማ ናት። አብረውኝ መኝታ ክፍል የነበሩት ልጆች ስለሱ ሲያወሩ ስሙን አይጠሩም፣ «የኛው» ነበር የሚሉት። ከነሱ አንዱ ጎትቶ ሳምቦ አስገባኝ። ጎበዝ ነበርኩ አልልህም፤ በአብዛኛው ሌላው ሰው የሚለማመድብኝ እኔ ነበርኩ። ግን ደጋግሞ የሚወድቅ ሰው ከታች ሆኖ ብዙ ነገር ያያል።

ፊዮዶር የተወለደው ሩቢዥኔ ነው፣ በ2022 ጦርነቱ ባፈራረሳት የምሥራቅ ዩክሬን ከተማ። ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ኦስኮል መጣ። አባቱ በያጅ፣ እናቱ አስተማሪ። ታናሽ ወንድሙን አሌክሳንደርን ቤት የሚይዝለት ሰው ስለሌለ ወደ ልምምድ ይዞት ይሄድ ነበር፤ ያ ሕፃን አድጎ እሱም ከባድ ሚዛን ተፋላሚ ሆነ። ፊዮዶር ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተመረቀ፣ ከ1995 እስከ 1997 ወታደር ሆነ፣ ከዚያ በሳምቦም በጁዶም የስፖርት ማስተር የሚባለውን ማዕረግ ያዘ። ወደ ጃፓን የወሰደው ፍልስፍና ወይ የጀግንነት ጥማት አይደለም፤ ጁዶ እንጀራ አልሆን ስላለው ነው። ሰውነቱን ባለ ሥጋ ቤት አልከው፤ ልክ ነህ። አንድ ሜትር ከ83፣ 105 ኪሎ ገደማ፣ ትንሽ ቦርጭ። አብረውት የሚገቡትን አሜሪካውያን ትግለኞች ጡንቻ አይተህ ወደሱ ስትዞር ታዝናለህ። ፍልሚያው ሲጀመር ግን የምታዝንለት ሰው ይቀየራል።

አሁን ወደ ሳምቦ ልምጣ፤ ጥያቄህ ያለው እዚያ ነው። ጁዶ በቁምጣ ማለትህ አያስቀይመኝም፤ አንዱ ሥሩ በእርግጥ ከዚያ ነው። ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ የሚባል ሩስያዊ ቶኪዮ ያለው ዋናው የጁዶ ትምህርት ቤት ኮዶካን ገብቶ ጁዶ ተምሮ አገሩ ይዞት ተመለሰ። በ1937 በስታሊን ዘመን አስረውት እስር ቤት ሞተ። በዓመቱ በ1938 መንግሥት ስፖርቱን በይፋ ሲያውቀው ስሙን የሚያነሣ አልነበረም። ይህን ታሪክ የነገሩኝ በሽምግልና ዕድሜ ያለ አሠልጣኝ ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ያ ሁሉ ዓመት አልፎ እንኳ።

ሕጉ ላይ ግን ተለያይተዋል። በስፖርት ሳምቦ ማነቅ ክልክል ነው፣ እግር መቆለፍ ይፈቀዳል፤ በጁዶ ተቃራኒው። ሰውዬውን በጀርባው ጥለህ አንተ በእግርህ ከቆምክ እዚያው ጨዋታው አለቀ፣ ሙሉ ድል ነው። መሬት ላይ የሚሰጥህ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው፤ ተጋድማችሁ ምንም ካልሠራችሁ ዳኛው ያስነሣችኋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ጊዜ ስለሌለህ ክንዱን ምንጣፍ ላይ ካረፈ በኋላ መፈለግ አትችልም። ገና በአየር ላይ እያለ፣ ሊወድቅ ሲል እጁን ሲዘረጋ፣ ያኔ መያዝ አለብህ። አሠልጣኛችን ሲጮኹብን የሚውሉት በመጣል ጉድለታችን አልነበረም፤ ጥለን ቆም ብለን ስለምንተነፍስ ነበር።

ፊዮዶርን የሠራው ይህ ነው ብዬ ነው የማምነው። በዚያ ዘመን ሰው ወይ ቡጢኛ ነበር፣ ወይ ትግለኛ፣ ወይ የብራዚል ጁጁትሱ ሰው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ሁሉም ለአፍታ ማርሽ ይቀይራሉ። እሱ አይቀይርም። ቡጢው ሲያልፍ እጁ አንገትህን ይዞ ይቀራል፣ አንገትህን ሲጎትት ትወድቃለህ፣ ስትወድቅ ክንድህ እሱ ጋ ነው።

ራንድልማንን አየው፣ ሰኔ 2004። ኬቪን ራንድልማን አሜሪካዊ የኮሌጅ ትግል ሻምፒዮን፣ የዩኤፍሲ የቀድሞ ባለ ቀበቶ፣ ሰውነቱ ከድንጋይ የተጠረበ። ከኋላ አቀፈው፣ ከመሬት አነሣው፣ ወደ ኋላ ገልብጦ በአንገቱ ተከለው። ዶርም ውስጥ አብረን እናይ ከነበርነው አንዱ ተነሥቶ ወጣ፣ ሞተ ብሎ። ከዚያ ሰዓቱን ተመልከት። ፊዮዶር ከወደቀበት ተገልብጦ ከላይ ሆነ፣ የራንድልማንን ክንድ ጠመዘዘው፣ አሜሪካዊው እጅ ሰጠ። ፍልሚያው በጠቅላላ የፈጀው አንድ ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ አንገቱ እንዴት ተረፈ ይላል። እኔን የሚገርመኝ የክንዱ ነገር ነው፤ እንዲያ የተወረወረ ሰው ቢያንስ የት እንዳለ ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል።

ጆ፣ የሰርከሱን ነገር አልክድህም። ዙሉዚኞና ቾይ የበዓል ማድመቂያ ነበሩ፣ ጃፓን ዋዜማውን እንደዚያ ነው የሚያከብሩት። ግን ዝርዝርህ ውስጥ ኖጌይራ የለም፣ ክሮ ኮፕ የለም፣ አሜሪካዊው ትግለኛ ማርክ ኮልማን የለም። በመጋቢት 2003 ዮኮሃማ ላይ ቀበቶውን የወሰደው ከአንቶኒዮ ሮድሪጎ ኖጌይራ ነው። ያኔ ኖጌይራን መሬት ላይ መግጠም እብደት ነው ይባል ነበር፤ ብራዚላዊው ከታች ተኝቶ ነው ሰው የሚያሸንፈው። ሁሉም ፊዮዶር ቆሞ ይደባደባል ብሎ ሲጠብቅ እሱ ቀጥ ብሎ የኖጌይራ እግሮች መካከል ገባና ሃያ ደቂቃ ሙሉ እዚያው ቡጢ ሲያወርድበት ቆየ። ፕራይድ የመጀመሪያው ዙር 10 ደቂቃ፣ ሁለቱ 5፣ 5 ነበር። ኖጌይራ ክንዱን ለመያዝ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክንዱ የለም፣ ወጥቶ በቡጢ እየተመለሰ ነው። ሦስቱም ዳኞች ለፊዮዶር ሰጡ። በ2004 መጨረሻ ደግሞ ደገመው።

ክሮ ኮፕ ነሐሴ 2005 ነው፣ ሳይታማ። ከዚያ ዓመት በፊት ሚርኮ ክሮ ኮፕ የፊዮዶርን ወንድም አሌክሳንደርን በዚያች በግራ እግሩ ራሱን መትቶ ዘርሮታል። ኦስኮል ሰፈር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እንደዚያ ያለ እግር ያለውን ሰው ስትገጥም ትርቃለህ። ፊዮዶር ሃያውን ደቂቃ ወደ ፊት ነው የሄደው፤ ክሮአቱ እግሩን የሚያነሣበት ቦታ አጣ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ አመሸ። በነጥብ አሸነፈው። ብዙዎች የከባድ ሚዛን ምርጡ ፍልሚያ ይሉታል። እኔ የምወደው ግን የኖጌይራውን ነው፤ አሰልቺ ነው ለሚሉኝም መልስ የለኝም።

የካቢብና የሱ ልዩነት ቀላል ነው። ካቢብ የዳግስታን ልጅ ነው፣ ሁለት ጊዜ የኮምባት ሳምቦ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም ሥሩ ትግል ነው፤ ይይዝሃል፣ የኬጁ ሽቦ ላይ ይለጥፍሃል፣ እግርህን በእግሩ ያስርና ያደክምሃል። አይለቅም። ፊዮዶር ያደገበት የፕራይድ መድረክ ገመድ ነበር፣ ሽቦ የለም፣ የምትለጥፍበት ግድግዳ የለም። እሱ ሰው መያዝ አይፈልግም፣ መጨረስ ነው የሚፈልገው።

ሚሪ_ከቤርሼባ፦

ጋሼ ጽሑፍዎ ደስ ይላል፣ ግን እኔ ጁዶ አሠልጣኝ ነኝና ዝም ብል ሕሊናዬ አይፈቅድም። ሁሉን ለሳምቦ ሰጡት። ሰውዬው በሩስያ የጁዶ ሻምፒዮና ሜዳሊያ ያገኘ ነው፣ የ1998ቱን ነሐስ ማለቴ ነው። የሩስያ የጁዶ ሻምፒዮና ማለት ደግሞ የከተማ ውድድር አይደለም። ከአንገት ይዞ በዳሌው የሚጥልባቸውን አጣጣሎች በፍሬም እያቆምኩ ለልጆቼ አሳያለሁ፣ የጁዶ ናቸው። በሁለት እጅ እግር መያዝን እኛ ከ2010 ጀምሮ ነው የከለከልነው፤ እሱ ሲማር ጁዶም ሳምቦም እግር ይይዝ ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ ልጅ ጠዋት ነጭ ልብስ ለብሶ ማታ ቀይ ኩርትካ፣ የሳምቦውን ጃኬት፣ ይለብሳል፤ አሠልጣኙም አንድ ሰው ነው።

ሌላ፣ ማንም የማያነሣው። የፊዮዶር የመጀመሪያ ትልቅ ሽንፈት 2010 አይደለም። በ2008 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ፣ በኮምባት ሳምቦ የዓለም ሻምፒዮና፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ ብላጎይ ኢቫኖቭ የሚባል ወጣት ቡልጋሪያዊ በግማሽ ፍጻሜ አሸንፎታል። ያ ልጅ በኋላ ዩኤፍሲ ገባ። ኤምኤምኤ ውጤት ውስጥ ስለማይቆጠር ሰው ረስቶታል።

ቀይ_ኩርትካ፦

ሚሪ፣ የኢቫኖቭን ነገር ስላነሣሽ አመሰግናለሁ። ያ ቀን ቤልጎሮድ ውስጥ ቀብር ነበር የሚመስለው። ለአንባቢው ያህል፦ ኮምባት ሳምቦ ከስፖርት ሳምቦው ይለያል፤ የራስ መከላከያ ያደርጋሉ፣ ቡጢ አለ፣ ርግጫ አለ፣ ጭንቅላት መግጨት ሳይቀር ይፈቀዳል፣ ማነቅም። ፊዮዶር አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ነው። የፕራይድ ባለ ቀበቶ ሆኖ፣ ሳንቲም በማይገኝበት የአማተር ውድድር ኩርትካ ለብሶ ይሰለፍ ነበር። ዛሬ የትኛው ሻምፒዮን ነው እንዲህ የሚያደርገው?

የጁዶውን እጋራሻለሁ። አጣጣሎቹ የጁዶ ናቸው። ፍጥነቱ ግን የኛ ነው፣ እሱን አልሰጥሽም።

ናቲ_ጀሞ፦

ጋሼ ቀይ ኩርትካ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ራንድልማንን አየሁት። አራት ጊዜ። የኮልማኑንም አየሁ፣ በ2004ቱ ክንዱን የያዘበትን፤ ኮልማን ከላይ ሆኖ ሲመታው ነው ክንዱን ያጣው።

ታዲያ ይህን ያህል ፈጣን ከሆነ በ2010 ምን ሆነ? ብራዚላዊው ፋብሪሲዮ ቨርዱም እንዴት በአንድ ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ጨረሰው? ዩኤፍሲስ ለምን አልገባም? ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ቀይ_ኩርትካ፦

ስለ ቨርዱም የምለው አለኝ፤ ከብዙዎቹ የፊዮዶር አድናቂዎች ጋር የማልስማማበት ነው። «አረጀ»፣ «ራሱን አላዘጋጀም» ይላሉ። እኔ የምለው ሲያሸንፍበት የኖረው ነገር ራሱ ነው ያሸነፈው።

ቪዲዮውን በዝግታ እየው። ሰኔ 26 ቀን 2010፣ ሳን ሆሴ። ፊዮዶር ቡጢ ያሳርፋል፣ ቨርዱም ይወድቃል። መታው ወይስ ሆን ብሎ ወደቀ የሚለው እስካሁን ያጨቃጭቃል። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ «ተነሣ» ይለዋል፤ ብራዚላዊ የጁጁትሱ የዓለም ሻምፒዮን ተኝቶ እየጠበቀህ ነው እኮ። ፊዮዶር ግን ሰው ሲወድቅ አብሮት ነው የሚወርደው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው የተሠራው። ወረደ። ቨርዱም አንገቱንና ክንዱን በእግሮቹ መካከል አሰረው። አንዴ ሊወጣ ሞከረ፣ ሊሳካለት ሲል እንደገና በቡጢ ተመልሶ ገባ። እዚያ ላይ አለቀ። ኖጌይራ ላይ በዚያው ድፍረት ሃያ ደቂቃ ኖሯል።

አሁን ሄንደርሰንን ጨምርበት፣ ሐምሌ 2011። ዳን ሄንደርሰን ከሱ በክብደት ያነሰ ነው። ፊዮዶር በቡጢ መትቶ ጣለው፣ ሊጨርሰው ላዩ ላይ ዘለለ። ሄንደርሰን የኦሎምፒክ ትግለኛ ነው፤ ከሥሩ ሾልኮ ከጀርባው ወጣና በብብቱ ሥር አሾልኮ ከታች ወደ ላይ መታው። ፊዮዶር በግንባሩ ተደፋ። ሁለቱም ሽንፈት የመጣው እያሸነፈ ባለበት ቅጽበት ነው፣ ለመጨረስ በሚቸኩልበት። በ2004 ያ ችኮላ ማንም የማይደርስበት ፍጥነት ነበር። በ2011 ሌሎቹም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርን ተምረው ነበር፣ ገሚሶቹ እሱን እያዩ።

በመካከል ያለው የአንቶኒዮ ሲልቫ ሽንፈት ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም። የካቲት 2011 ነው። እዚያ ሰውዬው ገዘፈበት፣ ሁለተኛውን ዙር ላዩ ላይ ተቀምጦ ደበደበው፣ ዓይኑ ተደፈነ፣ ሐኪሙ አስቆመው። በፕራይድ ዘመን ከሱ የሚከብዱት ብዙዎቹ ዝግተኞች ነበሩ። ሲልቫ ከባድ ነበር፣ ሥራውንም ያውቅ ነበር። ጆ ከዚህ ተነሥቶ ቢከራከረኝ ይሻለው ነበር ከቾይ ይልቅ።

ዩኤፍሲን በተመለከተ። ፕራይድን በ2007 የዩኤፍሲ ባለቤቶች ገዙትና ዘጉት። ፊዮዶር አሜሪካ አፍሊክሽን የሚባል የልብስ ድርጅት ያዘጋጀው ውድድር ላይ ቲም ሲልቪያን በ36 ሰከንድ ጨረሰ፣ አንድሬ አርሎቭስኪን ዘረረ። ሁለቱም የዩኤፍሲ የቀድሞ ሻምፒዮኖች ናቸው፤ «ዩኤፍሲ ያልገባ» የሚለው ሰው እነዚህን ቢያያቸው ጥሩ ነው። አርሎቭስኪ እስከዚያች ሰከንድ ድረስ እየበለጠው ነበር፣ ወደ ገመዱ ገፍቶት በጉልበቱ ሊመታ ዘለለ፣ በአየር ላይ ቀኝ ቡጢ አገኘችው። አፍሊክሽን በ2009 ሲፈርስ ዩኤፍሲ ጥሩ ገንዘብ ይዞ መጣ። ያላስማማቸው ገንዘቡ አይደለም፤ የፊዮዶር ወኪሎች ኤም-ዋን የሚባል የራሳቸው ድርጅት ነበራቸውና ውድድሩን በጋራ እናዘጋጅ አሉ። የዩኤፍሲው ፕሬዚዳንት ዳና ኋይት እምቢ አለ። ፊዮዶር ስትራይክፎርስ ከሚባል ሌላ የአሜሪካ ድርጅት ጋር ፈረመ። ፈርቶ ነው የሚል ካለ ከማን ጋር እንደተፋለመ ይመልከት። ሰዎቹን ጥዬ አልሄድም ማለቱ ግን ዋጋ አስከፍሎታል፤ የጊዜውን የዩኤፍሲ ሻምፒዮን ብሮክ ሌስናርን የሚገጥምበት ጊዜ እንዲሁ አለፈ። ታማኝነት ነው ወይስ መካሪ ማጣት? እኔ ሁለተኛው ይበዛል ባይ ነኝ። የሚያስቀው፣ በመጋቢት 2011 የዩኤፍሲ ባለቤቶች ስትራይክፎርስንም ገዙት። ሄንደርሰን ሲዘርረው አሠሪዎቹ እነሱው ነበሩ፣ ወዲያው አሰናበቱት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ጆ፦

እሺ፣ የሲልቫውን እወስደዋለሁ። ኖጌይራንም እንደገና አየሁት፣ ጥሩ ነው። ግን ሙሉውን አትናገርም። በ2016 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ፋቢዮ ማልዶናዶ የሚባል፣ ከቀላል ከባድ ሚዛን የመጣ ሰው፣ በመጀመሪያው ዙር ሊገድለው ደርሶ ነበር። ዳኛው ዝም ብሎ አየ። በኋላ በነጥብ ለፊዮዶር ተሰጠ። ፍልሚያውን የሚቆጣጠረው የሩስያ ኤምኤምኤ ኅብረት፣ የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ያኔ ማን ነበር? ራሱ ፊዮዶር። ይህንንም የካቢብ ዘመን ልጅ ይወቀው።

ቀይ_ኩርትካ፦

ይወቀው። እሱን ቀን አልከላከልለትም። የመጀመሪያው ዙር ውስጥ ሌላ አገር ቢሆን ዳኛው ያስቆመው ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መታገሉ ሌላ ነገር ነው፤ የዳኝነቱ ጉዳይ ግን ያሳፍራል። ቤልጎሮድ ውስጥም ለክፍለ አገሩ ምክር ቤት ተመርጦ ፖለቲካ ውስጥ ገብቷል፣ ፑቲን ሪንጉ ጎን ተቀምጦ አይቶታል፣ በ2011 ሞስኮ ላይ ጄፍ ሞንሰንን ካሸነፈ በኋላ ፑቲን ራሱ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሕዝቡ ሲጮኽበት ዓለም ሰምቷል። ሰውዬው ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ አልነግርህም። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው አንገቱ ላይ ያለውን መስቀል አይቶ «የኛ ሰው» ብሎ እንደወደደው አውቃለሁ፤ እኔ ስለ ክንዱ ነው የማወራው።

ሚሪ_ከቤርሼባ፦

ለናቲ አንድ ምክር። አሠልጣኝህ ምንጣፍ ካለው የኮልማንን ሁለተኛ ፍልሚያ (ጥቅምት 2006፣ ላስ ቬጋስ) አብራችሁ እዩና የክንድ አያያዙን ሞክሩት። ፊዮዶር ተኝቶ ከታች ነው ያለው። የአብዛኛው ሰው ስሕተት ክንዱን መሳብ ላይ ነው የሚያተኩረው፤ እሱ ግን ዳሌውን ነው መጀመሪያ የሚያዞረው። ከፍልሚያው በኋላ የኮልማን ትንንሽ ሴት ልጆች እያለቀሱ ሪንግ ውስጥ ገብተው አባታቸውን ሲያቅፉ ታያለህ፣ ፊዮዶርም ሄዶ ያባብላቸዋል። እሷን ክፍል ለልጆቼ አላሳይም፣ ክርክር ታስነሣለች።

ናቲ_ጀሞ፦

ምንጣፍ አለን፣ ቀዳዳ ቢበዛውም። ጋሼ፣ በመጨረሻ ቅደም ተከተሉን ይንገሩኝ። ቅዳሜ ላፕቶፕ ይዤ ልሄድ ነው፣ አሠልጣኙን ጨምሮ ስድስት ሰባት ሰው እንሆናለን። ሁሉም ደግሞ ትዕግሥት የለውም።

ቀይ_ኩርትካ፦

ትዕግሥት ከሌላቸው በኖጌይራ አትጀምር። ራንድልማንን ክፈት፣ ከሱ ቀጥሎ ፉጂታን፣ ሰኔ 2003። ካዙዩኪ ፉጂታ ጭንቅላቱ ብረት ነው የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ በቀኝ መታውና ፊዮዶር እግሩ ተብረከረከ፣ ሰክሮ የሚሄድ ይመስል ነበር። ይዞት ተጠጋ፣ እስኪመለስ ተጣበቀበት፣ ከዚያ በዚያው ዙር አንቆ ጨረሰው። ሰው እንዲጮኽ ከፈለግህ ያቺ ናት። አርሎቭስኪን ጨምር። ከዚያ ሁሉም ሞቅ ሲላቸው ክሮ ኮፕን ሙሉውን፣ ሳታሳልፍ። ማርክ ሀንትንም እየው፣ ታኅሣሥ 31 ቀን 2006፤ ሀንት ቡጢኛ ነው የሚሉት ሰውዬ መሬት ላይ የፊዮዶርን ክንድ ሊሰብር ምን ያህል እንደቀረበ ብዙ ሰው አያስታውስም።

ኖጌይራን ለብቻህ ማታ እየው። ድምፁን ዝጋና የፊዮዶርን ጭንቅላት ሳይሆን ክርኖቹን ተከተል፤ ከሰውነቱ አይርቁም፣ ቡጢ ወርውሮ ሲመልስ ብቻ ይከፈታሉ። እዚያች ላይ ነው ኖጌይራ የሚጠብቀው፣ ሃያ ደቂቃ።

ከዚያ ቨርዱምን ክፈትና ክርኖቹ የት እንዳሉ ንገረኝ። ፊዮዶር ያሠለጠናቸው ልጆች አሁንም አሉ፤ ቫዲም ኔምኮቭ ቤላቶር በሚባለው የአሜሪካ ውድድር የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው ከሱ ጋር ሠርቶ ነው፣ ቫለንቲን ሞልዳቭስኪም ከሱ ጋር የሠራ ነው። ኔምኮቭ ሰው ሲወድቅለት መጀመሪያ ቆም የሚል ይመስለኛል። የአሠልጣኙን ሽንፈት አይቶ ያደገ ልጅ እንደዚያ ነው የሚታገለው።